ዓርብ ታልቃለች ያለው ማን ነው

«ሳብ አድርጊው፤ ረገበ» አለ ባሲልዮ ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ ሆኖ።

ካንደላርያ የገመዱን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ከኒኮላሳ ጋር ልትጋጭ ለጥቂት ተረፈች። ኒኮላሳ ኮረብታው ላይ ጸሎቷን አድርሳ መውረዷ ነበር። ባዶ ቅርጫቷን በብብቷ ሸጉጣ ቆመችና መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥላ ጎረቤቷን፣ ከዚያ ምንጩ አጠገብ ደብተር ይዞ የሚጽፈውን ባለ ባርኔጣ አየች። ሰውየውን አታውቀውም። ገመዱን በዚያኛው በኩል የያዘው ግን የገዛ ወንድሟ ነው።

«ምን እየለካችሁ ነው?»

ካንደላርያ መሬት መሬት አየች። «ማሳውን።»

«ማሳ መሆኑንማ አየሁ። ለምን?»

«እያወቁት ለምን ይጠይቁኛል፣ እትዬ ኒኮላሳ?»

ኒኮላሳ ወደ ወንድሟ ዞረች። ባሲልዮ እጁን አንሥቶ ሥራ እንደበዛበት ሰው ሰላም አላትና ቶሎ ብሎ ባለ ባርኔጣውን ወደ መንገዱ ይዞት ሄደ። የፒክአፑ ሞተር ሲነሣ ተሰማት። ከእሷ ጋር ሊያስተዋውቀው ያልፈለገው እንግዳ ማን ይሆን ብላ አሰበች።

ኒኮላሳ ኢሽኮይ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። መቀነት እየሸመነች ትኖራለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ቀን ቆጣሪ ናት። ከሞሞስቴናንጎ በላይ ባለችው የቹዊያባህ መንደር ልጅ ሲወለድ ቀኑ ምን እንደሚባል፣ ሙሽራ መቼ እንደሚጠየቅ፣ የታመመ ለማን ሻማ እንደሚያበራ የምትጠየቀው እሷ ናት። ሁለት መቶ ስድሳውን ቀን አባቷ እንዳስተማራት ያለ ወረቀት ትቆጥራለች። ባለፈው ረቡዕ ዙሩ ሞልቶ አዲሱ ሲጀመር ኮረብታው ላይ እሳት አንድዳ፣ መንደርተኛው ሁሉ የበቆሎ አጥሚት ጠጥቶ ተመርቆ ወርዷል።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ትታዘባለች። ወፍጮ ቤት ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ሴቶቹ ቅርጫቷ ውስጥ ያለውን አሻግረው ያያሉ። ነገሩን ከመሬት መንቀጥቀጡ ጋር አያይዛው ነበር። ከስድስት ሳምንት በፊት ተራራው ሲናወጥ ብዙ ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ በሳን ማርኮስ በኩል ሰው ሞቷል። በዚያው ሰሞን ራዲዮው ዓለም የፊታችን ዲሴምበር 21፣ ዓርብ ዕለት ታልቃለች፤ የጥንት ማያዎች በቀን ቆጠራቸው እንዲህ ብለዋል ማለት ጀመረ። የቹዊያባህ ማያዎች ይህን የሰሙት ከራዲዮው ነበር።

ዛሬ ሰኞ ነው። ዓርብ አራት ቀን ቀርቶታል።

ኒኮላሳ ካንደላርያን ተከትላ ቤቷ ገባች። የጓዳው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በሁለት ግንድ ተደግፏል። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ከማድጋው ጀርባ ሆነው አፈጠጡባት፤ ሌላ ጊዜ ሮጠው እጇን የሚስሙ ነበሩ።

«መሬቱን ለማን ነው የምትሸጪው?»

«ከባሕር ጠረፍ ለመጣው ኢንጂነር። ሐሙስ ጠበቃው ቤት ወርደን እንፈርማለን።»

«ምንጩን ጨምሮ?»

«ምንጩንም።» ካንደላርያ የተነገራትን ዋጋ ጠራችና እሳቱን ትቆሰቁስ ጀመር። «ገንዘቡን እንደያዝኩ ማታውኑ አውቶቡስ እንሳፈራለን። አባታቸው ድንበር ማዶ ቡና ለቀማ ላይ ነው። ዓርብ አብረን እንሁን ብዬ ነው። ከመጣም አራታችንም አንድ ላይ እያለን ይምጣ።»

«ምንድን ነው የሚመጣው?»

«እትዬ ኒኮላሳ፣ እኔን ለምን ያሞኙኛል? ግድግዳው የተሰነጠቀ ጊዜ ቤትዎ መጥቼ ጠይቄዎት ነበር። ዓለም ታልቃለች ይላሉ፣ እውነት ነው ወይ ስል ምን አሉኝ? ‹ቀኑ ሲደርስ ይታያል› ብለው በሩን ዘጉት። ውሸት ቢሆን ውሸት ነው ይሉኝ አልነበር?»

ኒኮላሳ ያን ቀን አስታወሰች። መቀነቱ መሸመኛ እንጨቷ ላይ ተወጥሮ ክሩ ተወሳስቦባት ነበር፤ ጥያቄውም የሞኝ ጥያቄ መስሏት ነበር። በዚያ ሳምንት እንዲያ ብለው የጠየቋት ሰባት ስምንት ሰዎች ይሆናሉ። አንዳቸውንም ቁጭ በሉ አላለችም።

«ደግሞ» አለች ካንደላርያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጎህ ሳይቀድ እየወጡ ሦስቱን ኮከቦች ሲያዩ አይተንዎታል። ተሰልፈው የሚወጡትን። ባሲልዮ ነገረን። ‹እህቴ ቆጥራ ጨርሳለች፤ ሰው እንዳይሸበር ነው ዝም ያለችው› ብሎ።»

«ባሲልዮ ነው ያለው?»

«ታዲያ ከወንድምዎ ሌላ ማን ይነግረናል?»

ኒኮላሳ ወጣች። መንገድ ላይ ሁለት ነገር አሰላሰለች። ዓለም ዓርብ የምታልቅ ከሆነ ያ ኢንጂነር መሬቱን ምን ሊያደርግበት ይገዛዋል? ውኃ በጠርሙስ የሚሸጡ ሰዎች ምንጭ እያሳደዱ እንደሚዞሩ ከሰማች ቆይታለች። ወሬውን የለቀቀውም እሱ ይሆን? ባሲልዮን ግን ከዚህ አልፋ ልታስበው አልፈለገችም። ተታሎ ይሆናል አለች ለራሷ።

ረቡዕ የገበያ ቀን ነው። መቀነቶቿን ለአንዲት የምታውቃት ነጋዴ ሰጥታ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ወዳለው ምግብ ቤት ገባች። ሰውየው ጥግ ይዞ ጥቁር ባቄላ በቂጣ እየጠቀሰ ይበላል። ባርኔጣው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ካሰበችው በላይ ያረጀ ነው።

«ኢንጂነር እርስዎ ነዎት?»

ሰውየው ቀና አለ። «ኤቫሪስቶ ሞራታያ። እርስዎስ?»

«ኒኮላሳ ኢሽኮይ።»

ስሟን ሲሰማ ብድግ አለ። ወንበር ሳበላት፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። ኒኮላሳ ይህን አልጠበቀችም፤ ይበልጥ ጠረጠረችው።

«እንዲህ መነሣት አያስፈልግም» አለች ሳትቀመጥ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ዓለም ዓርብ ካለቀች መሬቱ ምን ያደርግልዎታል?»

«ሁሉም አያልቅም እኮ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰው ይተርፋል። የኔ ቤት ባሕሩ ዳር ነው፤ ሴት ልጄና ሦስት የልጅ ልጆች አሉኝ። ከፍታና ንጹሕ ውኃ ያለበት ቦታ ስፈልግ ነው የከረምኩት።» ቀጥሎም፣ «ደግሞ እኮ መልእክት የላኩልኝ እርስዎ ነዎት» አለ።

«እኔ?»

ከኪሱ የተጠቀለለ መሐረብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ዘጠኝ የቆርች ዛፍ ቀያይ ፍሬዎች፤ ቀን ቆጣሪ እየደረደረ ቀን የሚያወጣባቸው። ኒኮላሳ በጣቷ ገለጠቻቸው። አንዷ ጎኗን አይጥ የቀመሳት ናት። ይህችን ፍሬ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች፤ አባቷ ለሰው ቀን ሲያወጣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጣት ነበረች። ከመኝታዋ ራስጌ ካለው ከረጢት ማን እንዳወጣት ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ባሲልዮ ባለፈው እሑድ ቤቷ መጥቶ ውኃ አምጪልኝ ብሏት ነበር።

ተቀመጠች።

«ወንድሜ ምን ብሎ ሰጠዎት?»

«‹እህቴ ቦታውን መርቃልዎታለች፤ ይህ ምልክቷ ነው› ብሎ። እኔም ከዋጋው ሦስት አራተኛውን ቀብድ ብዬ ሰጠሁት። ቀሪውን ሐሙስ ለባለ መሬቷ እጨርሳለሁ።»

የተስማሙበትን ዋጋ ስትጠይቀው ነገራት። ለካንደላርያ የተነገራት ሩቡን ነበር። ኒኮላሳ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለቅማ መሐረቡ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሰውየውም ፊቷን እያየ መጠራጠር ጀመረ።

«እርስዎ አልላኩም?»

«አልላኩም። ዓለም ዓርብ እንደምታልቅ ማን ነገረዎት?»

ኤቫሪስቶ ደብተሩን ገልጦ አዞረላት። ሠላሳ ዓመት በስኳር ፋብሪካ ማሽን የጠገነ ሰው ነውና መስመሮቹ ሁሉ በማስመሪያ የተሠመሩ ናቸው። ፀሐይ፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ በመሐሉ የሚያልፈው ጥቁር ስንጥቅ። «ዓርብ ፀሐይ ልክ እዚህ ላይ ትቆማለች። በሃያ ስድስት ሺህ ዓመት አንዴ የሚሆን ነው።»

«ይህን ጥቁር መንገድ አባቴ አሳይቶኛል» አለች። «ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ማታ ማታ ደህና አድርጎ ይታያል። አሁን የማይታየው ፀሐይ እዚያ ሄዳ ስለሆነ ነው። አምናም በዚህ ሰሞን አልታየም፤ ካቻምናም አልታየም። አምና በዚህ ቀን ምን ሲሠሩ ነበር?»

«አምና... ሸንኮራ መፍጨት ላይ ነበርን። የመፍጫው ጥርስ ተሰብሮ...» አለና አቆመ። «ዘንድሮ ግን ልክ መሐሉ ላይ ነው።»

«ያን የሚያህል ሰፊ መንገድ መሐሉን ማን ለካው? እሱም እንደ ካንደላርያ ማሳ በገመድ ነው የሚለካው?»

ሰውየው ሊስቅ ምንም አልቀረው። «ሦስቱ ኮከቦችስ? ንጋት ላይ ሲሰለፉ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ። ትልቋ የንጋት ኮከብ ናት፤ ሌሎቹ ሁለቱ መንገደኞች ናቸው። ላይኛው ቀን በቀን እየራቃት ነው። ታችኛውንም ከጥቂት ቀን በኋላ ጎህ ይውጠዋል። እኔ የምወጣው ለመጸለይ ነው፤ ሰማዩ እዚያ ስላለ አየዋለሁ።»

«የጥንቶቹ ረጅሙ ቆጠራ ግን ዓርብ ይሞላል። አሥራ ሦስቱ ዘመን።»

«ይሞላ ይሆናል። ያንን የጻፉት ድንጋይ ላይ ነው፤ እኛ መቁጠር ከተውነው ብዙ ዘመን ሆኖናል። ቢሞላም ሌላው ይቀጥላል እንጂ ቀን አይቋረጥም። በእኛ ቆጠራ ዓርብ አራት አሕፑ የሚባል ቀን ነው። ቅዳሜ አምስት ኢሞሽ ነው። ለቅዳሜ አንዲት አራስ ልጠይቅ ቀጠሮ ይዣለሁ።»

ኤቫሪስቶ ደብተሩን ወደ ራሱ አዙሮ አየው። «አንድ ድንጋይ ላይ» አለ በመጨረሻ፣ «ገና ከሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ቀን ተጽፏል የሚል አንብቤ ነበር።»

«ታዲያ?»

«እዚህ አልጻፍኩትም።»

«ለምን?»

«እንጃ። ሚስቴ ባለፈው ዓመት ከሞተች ወዲህ... እንጃ።»

ኒኮላሳ የመጣችው ሌባ ልትይዝ ነበር። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ግን የፈራ ሽማግሌ ነው፤ ለመፍራቱ ደግሞ የእሷም የአባቷም ስም ማስረጃ ሆኖለታል። በሰውየው ላይ ያከማቸችው ቁጣ ሁሉ የሚሄድበት አጣ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት። ሐሙስ አይፈርሙ። ቅዳሜ ይሁን። ቅዳሜም መሬቱን ከፈለጉት ከካንደላርያ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ፤ የተስማማችሁትን ለራሷ ይስጧት።»

«እርስዎስ ከዚህ ምን ያገኛሉ?» አለ ኢንጂነሩ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ።

«ምንም። ፍሬዎቼን እወስዳለሁ።»

ባሲልዮ ፒክአፑን ከገበያው በታች አቁሞ ብርድ ልብስ ያስጭን ነበር። እህቱ መሐረቡን ስትፈታ አይቶ ለሸክሙ እንደ ተጨነቀ ሰው ገመዱን ያጠባብቅ ጀመር።

«የአባትህን ፍሬ ሰርቀህ ሸጥክ» አለችው።

«አልሸጥኩም። አሳየሁ።»

«ስሜንም አሳየህ?»

«እታለም፣ እኔ ያልሽውን ነው የነገርኳቸው። ምን ብለሽ መለስሽላቸው? ምንም። ሁሉም ወደ እኔ መጥቶ ‹ምን አለች› ሲለኝ፣ ‹ዝም ብላለች› አልኩ። ውሸት ነው?»

«ቆጥራ ጨርሳለች ብለሃል።»

«እነሱ ናቸው እንዲያ የተረዱት።» ገመዱን ለቀቀው። «አንቺ ስታልፊ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። እኔን ሲያዩ ፒክአፑን ነው የሚያዩት፤ ‹ቦታ አለ?› ነው የሚሉኝ። አባባ ቆጠራውን ለአንቺ ሰጠ፣ ከረጢቱን ለአንቺ ሰጠ። ለእኔ ምን ሰጠኝ? ካንደላርያ እንደሆነ መሸጧ አይቀርም ነበር። ሰውየውም ገንዘብ አለው። ማን ተጎዳ?»

«ሄደህ ለካንደላርያ ይህንኑ ንገራት።»

«አንቺ ንገሪያት። ለአንቺ ይነሡልሽ የለ?»

ኒኮላሳ በእግሯ ወጣች። እንደ ወትሮው ከፒክአፑ ፊት ወንበር አልተቀመጠችም። ካንደላርያ ቤት ስትደርስ ግን ወሬው ቀድሟት ነበር፤ ኢንጂነሩ ፊርማውን ወደ ቅዳሜ ማዛወሩን በስልክ ነግሯታል። ካንደላርያ በሩ ላይ ቆማ አላስገባቻትም።

«የአውቶቡሱን ቦታ ይዤ ነበር» አለች። «ልጆቼን ከአባታቸው ለዩብኝ።»

«ካንደላርያ፣ ዓርብ ምንም አይሆንም። መጀመሪያውኑ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ባሲልዮ የነገረሽ ከእኔ የወጣ አይደለም። የነገረሽ ዋጋም ሰውየው ያለው አይደለም።»

«ባሲልዮ እንዲህ እንደሚሉ ነግሮኛል። ምንጩን ለራስዎ ፈልገው እንደሆነ። መሬትዎ ከመሬቴ ይዋሰን የለ?»

መሬታቸው በእርግጥ ይዋሰናል።

«ትናንት ዝም አሉ፤ ዛሬ ያወራሉ» አለች ካንደላርያ። «የቱን ልመን? ውሸት ከሆነ ዋሽቻለሁ ብሎ ራሱ ይንገረኝ። ከእርስዎ አፍ አልቀበልም።»

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ኮረብታው በብርድ ጠንክሯል። ኒኮላሳ ብቻዬን እሆናለሁ ብላ ነበር፤ ነገር ግን አርባ የሚሆኑ ሰዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው ቀድመዋት ድንጋዮቹ ዙሪያ ቆመዋል። ልጆች የታቀፉ አሉ። አንድ ሰው በቅሎውን ይዞ መጥቷል። ኤቫሪስቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከሴት ልጁና ከሦስት ሕፃናት ጋር ጥግ ላይ ቆሟል። ካንደላርያ ልጆቿን ግራና ቀኝ ይዛ ከሁሉም ራቅ ብላለች። ባሲልዮ ሽማግሌዎቹን በፒክአፑ አምጥቶ ከኋላቸው ተሰውሯል።

ኒኮላሳ ስኳሩን በክብ አፈሰሰች፤ በላዩ የዕጣን ሙጫውንና ሻማዎቹን ደረደረች፤ አበባውን ዙሪያውን በተነች። እሳቱ የፀሐይዋ የመጀመሪያ ጨረር ተራራውን ሲነካ መለኮስ አለበት። አባቷ በሕይወት ዘመኑ አንድ ቀን እንኳ አላዘገየውም፤ እሷም እስከ ዛሬ አላዘገየችም።

ተነሥታ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ባለፈው የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ቤቴ መጥታችሁ ጠይቃችሁኛል» አለች። «አልመለስኩላችሁም። የማውቀውን ደብቄ አይደለም። ጥያቄያችሁን ንቄው ነው። ፈርታችሁ እንደነበር አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ አራት አሕፑ ነው፤ ነገ አምስት ኢሞሽ፤ ከነገ ወዲያ ስድስት ኢቅ። ይኸው ነው የማውቀው።»

ካንደላርያ ከንፈሯን ነክሳ ታያታለች፤ ፊቷ ላይ ያመነች ሰው የሚመስል ነገር የለም።

«በዝምታዬ የተነገረ ሌላ ነገር አለ። እሱን የሚናገረው ወንድሜ ነው።»

ራሶች ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ባሲልዮ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ቀልቶ ወደ ቢጫ እየተለወጠ ነው። አንድ ሕፃን አለቀሰና እናቱ ዝም አሰኘችው።

«እታለም፣ በኋላ እንነጋገራለን» አለ ባሲልዮ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ካንደላርያ እዚህ ናት። ኢንጂነሩም እዚህ ናቸው።»

«ሰው እየበረደው ነው።»

«አዎ፣ እየበረደው ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምርኩዙን ተደግፎ ወደ እሷ ተጠጋ። «ልጄ፣ ፀሐይዋ ልትወጣ ነው። እሳቱ ያመልጥሻል» አለ ጭንቅ እያለው። «የወንድምና የእህት ነገር ከጸሎቱ በኋላ ይደርሳል። ለኩሺው።»

ኒኮላሳ ክብሪቱን ይዛለች፤ አውራ ጣቷ ሣጥኑን በከፊል ከፍቶታል። የተራራው ጫፍ በእሳት እንደ ተከፈፈ ደመቀ። ከሕዝቡ መሐል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። የኤቫሪስቶ ልጅ አባቷን እጁን ያዘችው። ፀሐይዋ ወጣች፤ ብርሃኗ በድንጋዮቹ፣ ባልተለኮሱት ሻማዎች፣ በሰዎቹ ፊት ላይ ወረደ። አንዳንዱ አማተበ፤ አንዳንዱ ሳቀ፤ አብዛኛው ግን እሷን ያያል።

ኒኮላሳ የክብሪቱን ሣጥን ዘጋችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ባሲልዮ አድርጋ።

«እጠብቃለሁ» አለች።